የወርቅ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሲመጣላችሁ፦ በአሜሪካ ኮሌጅ የክብር ማኅበርና ሽልማት እንዴት ይያዛል?

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ የከፈተችው እናቴ ናት። ወፍራም ወረቀት፣ ከላይ ጎላ ብሎ የታተመ የወርቅ ማኅተም፣ መሐሉ ላይ ስሜ በትልልቅ ፊደል። እንግሊዝኛው ባይገባትም ማኅተሙ ገብቷታል። ከሥራ ስገባ ቡና ተፈልቷል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው አክስቴ ተደውሏል፣ ጎረቤት ሳይቀር «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ሄዷል። እንግዲህ በዚህ ላይ ምን ይባላል? ከፈልኩ። ወደ 90 ዶላር ነበር፣ ያኔ ለእኔ የአንድ ቀን ደሞዝ ነው። ከሳምንታት በኋላ ሰርተፍኬትና ትንሽዬ ፒን መጣ። ከዚያ የቀለበት፣ የፍሬምና የሻርፕ ማስታወቂያ በኢሜይል ይዘንብ ጀመር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ፎርም ስሞላ ለአድቫይዘሬ ባሳያት «ይሄን ሰምቼው አላውቅም» አለችኝ።

የሚያናድደው ይሄ አይደለም። የሚያናድደው በዚያው ሰሞን የትክክለኛው ማኅበር ግብዣ በተማሪ ኢሜይሌ መጥቶ ጀንክ ውስጥ ተኝቶ ማለፉ ነው።

አገር ቤት ክብር ራሱ ፈልጎ ያገኝሃል። በምረቃው ቀን «በማዕረግ»፣ «በታላቅ ማዕረግ» ተብሎ ስም ይጠራል፣ የበለጠው ሜዳሊያና ዋንጫ ይዞ ይወርዳል፣ ማንም ማመልከቻ አልጻፈም። እዚህ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ሄዶ መጠየቅ፣ ፎርም መሙላት፣ ሰው መለመን አለ። ስለዚህ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ መጥታችሁ ኖቫ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ሌላ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ የሁለት ዓመቱ ማለት ነው፣ ለምትማሩ፣ ማታ ሥራ ቀን ክፍል ለምትሉ፣ ያጠፋሁትን እንዳታጠፉ ከእጄ ያለውን ልንገራችሁ።

1. ከመክፈላችሁ በፊት ማንነቱን አጣሩ

እዚህ ኦነር ሶሳይቲ የሚሉት ጥሩ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች የሚገቡበት የክብር ማኅበር ነው። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ የግሪክ ፊደል ስለሆነ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ማንም ተነስቶ ሦስት የግሪክ ፊደል ደርድሮ ማኅተም ማሠራት ይችላል።

ደብዳቤው ሲመጣ ብዙ አትመራመሩ። የኮሌጃችሁ የተማሪ ሕይወት ቢሮ፣ ስቱደንት ላይፍ የሚሉት፣ ጋ ሂዱና «ይሄ ማኅበር እዚህ ግቢ ውስጥ ቻፕተር (ቅርንጫፍ) አለው ወይ? ኃላፊው መምህር ማነው?» በሉ። የአንድ መምህር ስምና የቢሮ ቁጥር ከተሰጣችሁ ጥሩ ነው። «እስቲ ኦንላይን እዩት» ከተባላችሁ ኪሳችሁን ያዙ።

ሁለተኛው ማጣሪያ የኮሌጅ የክብር ማኅበራት ጥምረት (አሶሲየሽን ኦፍ ኮሌጅ ኦነር ሶሳይቲስ) ዝርዝር ነው። በ1925 የተቋቋመ፣ ለአባል ማኅበራት መስፈርት የሚያወጣ አካል ነው፣ ዝርዝሩ ድረ ገጹ ላይ አለ። ዝርዝሩ ላይ ከተገኘ ብዙ አትጨነቁ። ካልተገኘ ግን ወዲያው ሌባ ነው አትበሉ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የተከበረው ፋይ ቤታ ካፓ ራሱ እዚያ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው የግቢውን ቢሮ ያስቀደምኩት።

ክፍያ መኖሩ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። እውነተኞቹም መግቢያ ያስከፍላሉ። ጥያቄው በምላሹ ምን አለ ነው። «አባሎቻችን ስኮላርሺፕ ያገኛሉ» ሲሏችሁ ስንት ሰው፣ ስንት ብር፣ መቼ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

2. የትኛው ለማን እንደሆነ እወቁ

ፋይ ቤታ ካፓ በታኅሣሥ 1776 ዊልያምስበርግ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ የተጀመረ ነው። አሜሪካ ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት መሆኑ ነው። ለአርትስና ሳይንስ ተማሪዎች ሲሆን ማመልከቻ የለውም፣ መምህራን ናቸው የሚመርጡት። ግብዣው ከመጣ ሳትከራከሩ ግቡ።

ፋይ ካፓ ፋይ በ1897 ሜይን ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተ ነው፣ የትምህርት ዘርፍ አይመርጥም። ከጁኒየሮች (ሦስተኛ ዓመት) ላይኛዎቹን 7.5 በመቶ፣ ከሲኒየሮች (መጨረሻ ዓመት) ላይኛዎቹን 10 በመቶ ይወስዳል። ኢንጂነሪንግ ላይ ያላችሁ ታው ቤታ ፓይን ታገኛላችሁ፣ ከ1885 ጀምሮ ያለ ነው። እሱ ከጁኒየር ክፍል የላይኛውን አንድ ስምንተኛ፣ ከሲኒየር የላይኛውን አንድ አምስተኛ ይጠራል። ለቢዝነስ ቤታ ጋማ ሲግማ አለ።

ነርሲንግ ላይ ሀበሻ ስለሚበዛ ይሄኛውን ልብ በሉ። ሲግማ ቴታ ታው በ1922 ኢንዲያና ውስጥ ነርሲንግ ተማሪዎች የመሠረቱት ነው። በባችለር ደረጃ ከሆናችሁ የትምህርቱን ግማሽ መጨረስ፣ 3.0 ጂፒኤ፣ ከክፍሉም ላይኛው 35 በመቶ ውስጥ መሆን ያስፈልጋል። «እኔ 4.0 የለኝም» ብላችሁ ራሳችሁን አታውጡ፣ መስፈርቱን አንብቡ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ላለነው ዋናው ፋይ ቴታ ካፓ ነው። በ1918 ሚዙሪ ውስጥ ተጀምሮ የሁለት ዓመት ኮሌጆች ማኅበር ሆኖ የኖረ ነው። አብዛኞቹ ቻፕተሮች ወደ አሶሺየት ዲግሪ የሚያደርስ 12 ክሬዲትና 3.5 ጂፒኤ ይጠይቃሉ። ከገባችሁ በኋላ ለመቆየት የሚያስፈልገው ዝቅ ይላል፣ እሱን ቻፕተሩ ይወስነዋል። ክፍያው አንዴ ነው፣ በየዓመቱ አይደለም። ገንዘቡ ካስቸገራችሁ ለቻፕተሩ ኃላፊ በግልጽ ንገሩ፣ የሚሸፍኑበት መንገድ ያላቸው አሉ። ለምን ዋናው አልኩ? ምክንያቱም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚዛወሩ የዚህ ማኅበር አባላት ብቻ ብለው ያስቀመጡት ስኮላርሺፕ አላቸው። ልትዛወሩ ያሰባችሁበት ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ የማኅበሩን ስም ከ«ትራንስፈር ስኮላርሺፕ» ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

3. ጂፒኤውን ወረቀት ላይ ሥሩት

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የጨረሳችሁ ትልቅ ግራ መጋባት እዚህ ላይ አለ። ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግማችሁ ክሬዲት ቢያዝላችሁም አብዛኛውን ጊዜ የሚዛወረው ክሬዲቱ እንጂ ውጤቱ አይደለም። የድሮው 3.9 አይረዳችሁም። ደስ የሚለው ደግሞ የድሮው 2.1ም አይከተላችሁም። እዚህ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። የእንግሊዝኛ ቋንቋ መሸጋገሪያ ኮርሶች፣ ኢኤስኤል የምንላቸውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12ቱ ክሬዲት ውስጥ አይቆጠሩም። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ተምራ «12 ክሬዲት አለኝ» ብላ ሄዳ 3 ብቻ ነው ያለሽ የተባለች ጓደኛ አለችኝ።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ነው፣ በክሬዲቱ ይባዛል። ኢንግሊሽ 3 ክሬዲት ቢ፣ 9 ነጥብ። ሒሳብ 3 ክሬዲት ኤ፣ 12። ባዮሎጂ 4 ክሬዲት ቢ፣ 12። ያቺ ለጀማሪ የምትሰጠው የ1 ክሬዲት ኮርስ ኤ፣ 4። ድምሩ 37 ነጥብ ለ11 ክሬዲት፣ ማለትም 3.36። ክሬዲቱም ጂፒኤውም አልደረሰም። አሁን 3 ክሬዲት የንግግር ኮርስ ጨምሩና ኤ አምጡ፦ 49 ለ14፣ ልክ 3.5። ገባችሁ። ነገር ግን ባዮሎጂው ቢ ሳይሆን ሲ ቢሆን ኖሮ 45 ለ14፣ 3.21 ይሆን ነበር። አንድ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ነው ያን ያህል የሚጎትተው። በሳምንት 40 ሰዓት እየሠራችሁ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ላብ ያለው ሳይንስ አትውሰዱ የምለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ላይ ውሰዱት፣ የትም አይሄድም።

አንድ ኮርስ ከእጃችሁ እየወጣ ከሆነ የመውጫ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ወጥታችሁ ደብሊው ብትይዙ ጂፒኤውን አይነካም። ግን ከመውጣታችሁ በፊት የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ጠይቁ። ደብሊው ሲበዛ የመንግሥት ድጋፉ ሊቆም ይችላል።

ዲንስ ሊስት ደግሞ ማኅበር አይደለም፣ በየሴሚስተሩ ኮሌጁ ራሱ የሚያወጣው የጥሩ ተማሪዎች ዝርዝር ነው። ክፍያ የለውም። ብዙ ቦታ 12 ክሬዲት ሙሉ መውሰድን ይጠይቃል፣ ስለዚህ 6 እና 7 ክሬዲት የምትወስዱ ሠራተኞች ለፓርት ታይም የተለየ ዝርዝር መኖሩን አጣሩ። ደብዳቤው ሲመጣ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

4. አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ ዛሬ

ስልካችሁ ላይም ይሁን ድራይቭ ላይ፣ «ሽልማት» ብላችሁ ክፈቱ። ትራንስክሪፕት፣ የየኮርሱ ሲላበስ፣ ጥሩ ውጤት ያመጣችሁበት ወረቀት መምህሩ ከጻፈበት አስተያየት ጋር፣ የዲንስ ሊስት ደብዳቤ፣ ከአሠሪያችሁ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ የሚገልጽ ማስረጃ። ሁሉም እዚያ ይግባ።

አሁን ወደ እኛ ጉድለት ልምጣ። ማመልከቻው «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ሲል ሀበሻው «የለኝም» ብሎ ባዶውን ያልፈዋል። ቆይ እስቲ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልጆችን አማርኛ ፊደል የምታስቆጥሪው አንቺ አይደለሽም? መስጊድ ውስጥ በረመዳን ምግብ የምታድለው፣ ለሰፈሩ አዛውንቶች የሜዲኬይድ ፎርም የምትሞላው፣ አዲስ የመጣውን ሰው የመንጃ ፈቃድ ፈተና የምታስጠናው አንተ አይደለህም? ለእኛ ይሄ ወግ ነው፣ ይሉኝታ ነው። ለእነሱ ቮለንቲር (የበጎ ፈቃድ) ሥራ ነው፣ ከሰዓቱ ጋር ይጻፋል። «ፊደል ማስተማር፣ በሳምንት 2 ሰዓት፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ» ብላችሁ መዝግቡ። ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከኮሚኒቲው ማኅበር ማኅተም ያለው አንድ ገጽ ማረጋገጫ ውሰዱ። ማኅተሙን እኛም እንችልበታለን።

ስም ላይም ተጠንቀቁ። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም ላስት ኔም ሆኖ፣ ሌላው ላይ የአያት ሆኖ ከተገኘ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። ኮሌጁ ሲስተም ውስጥ ያለውን ስም በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጻፉ፣ ደብዳቤ ለሚጽፍላችሁ ሰውም አጻጻፉን ላኩለት።

5. የድጋፍ ደብዳቤ አጠያየቅ

ሪኮመንዴሽን ሌተር ስንጠይቅ እንሽኮረመማለን። ከዚያ መዝጊያው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እንጠይቃለን። ቢያንስ አንድ ወር ቀደም በሉ። ኤ የሰጣችሁን መምህር ብቻ አትፈልጉ፣ የሚያውቃችሁን ፈልጉ። ለዚያ ደግሞ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሮ ሰዓቱ ላይ ብቅ ማለት ያስፈልጋል። ጥያቄ ባይኖራችሁም ፈጥራችሁ ሂዱ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ በሩ ላይ አሥር ደቂቃ ቆሜ ተመልሻለሁ፣ ስለዚህ ስሜቱን አውቀዋለሁ።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን፣ እንዲህ ዓይነት ነገር፦ «ፕሮፌሰር፣ ባለፈው ሴሚስተር የባዮሎጂ ክፍልዎ ውስጥ ነበርኩ፣ የመጨረሻ ፕሮጀክቴን ስለ ወባ ትንኝ የሠራሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ስኮላርሺፕ እያመለከትኩ ነው፣ መዝጊያው ይህ ቀን ነው። ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ? ሬዙሜዬን፣ ትራንስክሪፕቴንና ድርሰቴን አያይዣለሁ።» «ጠንካራ» የምትለዋ ቃል ሆን ተብላ የገባች ናት። መምህሩ ማመንታት ከፈለገ በር ትከፍትለታለች፣ ለብ ያለ ደብዳቤ ከሚጽፍ እምቢ ቢል ይሻላል። ሳምንት ሲቀረው አንዴ አስታውሱ። ከተሳካም ካልተሳካም አመስግኑ።

6. ድርሰቱ ላይ አትሸሹ

«ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። ራስን ማመስገን ነውር ነው። እዚህ ግን አንባቢው አያውቃችሁም፣ ዝም ካላችሁ ዝም ብሎ ያልፋችኋል። ስለዚህ ጉራ ሳይሆን የሆነውን ተናገሩ። «ትምህርት የስኬት ቁልፍ ነው» ብሎ መጀመር ሺህ ሰው የጻፈው ነው። «ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ካልኩለስ ክፍል እገኛለሁ፣ የመጀመሪያውን ፈተና ወድቄ የመጨረሻውን ኤ ያመጣሁት ትኬት መቁረጫዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ መኪና በሌለበት ሰዓት እያጠናሁ ነው» ብትሉ ግን ሰውየው ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ፣ ምን እንዳደረጋችሁ። ስትጨርሱ ኮሌጁ የጽሑፍ ማዕከል ውሰዱት፣ ነፃ ነው። የአነጋገራችሁን ቃና ግን ጨርሰው እንዳያጥቡት።

7. ገንዘብ ያለባቸው ሽልማቶች

መጀመሪያ ፋፍሳ፣ የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ፣ ሙሉ፣ ይሄን ሳይሞሉ ሌላውን ማሳደድ ከንቱ ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው መሙላት ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ለፌዴራል ድጋፍ አትበቁም፣ ኮሌጁ ራሱ የሚሰጣቸው ሽልማቶች ላይ አተኩሩ።

ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል። በጣም ከፍተኛ ጂፒኤና ፋይናንስ ችግር ይፈልጋል፣ ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ግን ማመልከት ገንዘብ አይጠይቅም። የኮካ ኮላ አካዳሚክ ቲም ደግሞ ወርቅ 1,500፣ ብር 1,250፣ ነሐስ 1,000 ዶላር ነው። ለዚህኛው ኮሌጁ ነው የሚያጨው፣ ራሳችሁ ዘላችሁ አትገቡም። ስለዚህ መስከረም ላይ «ለዚህ የሚያጨው ማነው?» ብላችሁ ቢሮ ለቢሮ ዙሩ። ብዙ ቦታ አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ የሚያጨው የሚያውቀውን ነው።

ሳይንስና ሒሳብ ላይ ሆናችሁ ምርምር የምታስቡ ጎልድዋተር ስኮላርሺፕን አስቡ፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችም ክፍት ነው፣ በኮሌጅ በኩል ነው የሚገባው። ትሩማን (ለሕዝብ አገልግሎት ሥራ ለሚያስቡ) እና ጊልማን የሚባሉት ስኮላርሺፖች ዜግነት ይጠይቃሉ። ጊልማን ፔል ግራንት፣ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠውን የማይመለስ ድጋፍ፣ ለሚያገኙ ሰዎች ውጭ አገር ሄደው እንዲማሩ የሚረዳ ነው። ማስተርስ፣ ሕክምና ወይም ሕግ ለምታስቡ ደግሞ የፖልና ዴዚ ሶሮስ ፌሎውሺፕ ከሌላ አገር መጥተው እዚህ ለሚኖሩና ለልጆቻቸው የተቋቋመ ነው፣ እስከ 90,000 ዶላር ይደርሳል፣ የዕድሜ ገደቡ 30 ስለሆነ አትዘግዩ።

ትልልቆቹን ብቻ አትመልከቱ። ኮሌጃችሁ ፋውንዴሽን አለው፣ አንድ ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ ሲስተሙ ራሱ ከብዙ ትንንሽ ስኮላርሺፖች ጋር ያገናኛችኋል። አመልካች አጥተው የሚቀሩ አሉ። የመጀመሪያ ገንዘቤን ያገኘሁት ከዚያ ነው፣ 500 ዶላር፣ መጽሐፍ ገዛሁበት።

8. ገንዘቡ ሲገባ

ከውጭ ስኮላርሺፕ ስታገኙ አንዳንድ ኮሌጆች ከራሳቸው ድጋፍ ላይ ያን ያህል ሊቀንሱ ይችላሉ። ሜሪላንድ ይሄን ነገር በመንግሥት ኮሌጆች ላይ በሕግ የገደበች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት፣ በ2017። ሌላ ቦታ ያላችሁ ቼኩ ሳይገባ ቢሮው ጋ ደውላችሁ «ከግራንቱ ላይ ሳይሆን ከብድሩ ላይ ቀንሱልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ግብር ላይም፣ ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጽሐፍ የዋለ ስኮላርሺፕ ግብር የለበትም፣ ለቤት ኪራይና ለምግብ የዋለው ግን ይታሰባል። ደረሰኝ ያዙ።

9. ሬዙሜ ላይና ሥራ ፍለጋ ላይ

ማኅበሩን ስትጽፉ ስሙን ብቻ አትጣሉት፣ ምን ሠራችሁበት? ቻፕተሩ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ብትሆኑ እሱ ነው የሚነበበው። ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ልናውቃት የሚገባ ነገር ደግሞ አለች። የፌዴራል መንግሥት ሥራ ላይ በባችለር ዲግሪ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ጂኤስ 5 በሚባለው የደሞዝ ደረጃ ነው። «የላቀ የትምህርት ውጤት» የሚል ደንብ አለ፣ እሱን ካሟላችሁ ጂኤስ 7 ላይ መጀመር ትችላላችሁ። ማሟያው ሦስት ዓይነት ነው፦ 3.0 እና ከዚያ በላይ ጂፒኤ፣ ወይም ከተመራቂዎች የላይኛው አንድ ሦስተኛ ውስጥ መሆን፣ ወይም መስፈርቱን በሚያሟላ አገር አቀፍ የክብር ማኅበር አባል መሆን። የፍሬሽማን ማኅበር አይቆጠርም። እንግዲህ ጂፒኤያችሁ 3.0 ካለ ለዚህ ብላችሁ ማኅበር መግባት አያስፈልጋችሁም፣ ጂፒኤያችሁን ብቻ ጻፉት። አብዛኛው የፌዴራል ሥራ ዜግነት ይጠይቃል፣ ግን ዲግሪው እስኪያልቅ ዜግነቱም ይደርሳል።

የምረቃ ገመድና ሻርፕ የምትፈልጉ፣ የትኛው ማኅበር መድረክ ላይ እንደሚፈቀድ ሬጅስትራሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እናቴ ያቺን የመጀመሪያ ሰርተፍኬት ሳሎን ሰቅላታለች፣ አውርጂው ብላት አሻፈረኝ አለች። የፋይ ቴታ ካፓው በሚቀጥለው ሴሚስተር መጥቶ ከጎኑ ተሰቀለ፣ እንግዳ ሲመጣ የምታሳየው ግን አሁንም ያንን ነው፣ ማኅተሙ ይበልጣላ።

አንድ ነገር ልረሳው ነበር። ማኅበሩ ውስጥ የመዘገባችሁትን ኢሜይል ከመመረቃችሁ በፊት ወደ ግል ኢሜይል ቀይሩት። የኮሌጁ ኢሜይል ከተመረቃችሁ በኋላ ሊዘጋ ይችላል፣ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። አሁኑኑ ደግሞ የተማሪ ኢሜይላችሁን ከፍታችሁ ጀንክ ውስጥ ያለውን እዩ።